አንድም ልጅ ያልወደቀበት ትምህርት ቤት

ነይ እስኪ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ መስኮቱ ዳር ነፋስ አለ። ጥርስሽ ተሻለሽ? እኔን እንኳ ያስቸገረኝ ጉልበቴ ነው፤ ደረጃውን ወጥቼ ክፍሌ እስክደርስ ልጆቹ ተጣልተው፣ ታርቀው ይጠብቁኛል። ሻዩ ግን ዛሬ ስኳር አለው። ርዕሰ መምህራችን የሚሸኙበት ቀን አይደል... ለሽኝታቸው ማን ይሰስታል?

ቀስ ብለሽ አውሪ አትበይኝ። ከኋላችን ሲኒያቸውን ይዘው መቆማቸውን አይቻለሁ። ክፉ ነገር መቼ ወጣኝ? ሰው ሲሾም ደስ ይለኛል፣ ያውም እንዲህ ያለ ሰው።

አዲስ ስለሆንሽ አታውቂም እንጂ፣ እሳቸውም እዚህ ቤት ሲመጡ መምህር ነበሩ... ለጥቂት ጊዜ። የጠመኔው አቧራ አልተስማማቸውም መሰለኝ፣ ቶሎ ምክትል ሆኑ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህር፣ አሁን ደግሞ የከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበላይ። እኔ ይኸው በዚህ ሁሉ ዘመን አንደኛ ክፍልን አላለፍኩም። ዘንድሮም እዚያው ነኝ።

ጭንቅላት ነው እንግዲህ። ሌላው ርዕሰ መምህር ትምህርት የከበደው ልጅ ሲያይ ማጠናከሪያ ምናምን እያለ መምህር ያደክማል። የኛ ሰው ደግሞ ሰው ማድከም አይወዱም። ፈተና ሳይደርስ የልጁን ወላጅ ቢሯቸው ይጠራሉ፣ ለስላሳ ይጋብዛሉ፣ "ልጅዎ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሞክር ይሻለዋል" ይላሉ፣ መሸኛውን ፈርመው እስከ በር ድረስ ይሸኛሉ። ታዲያ የሚወድቅ ከየት ይምጣ? ሁሉም አለፈ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ዋንጫው ያውልሽ ቁም ሳጥኑ ላይ። አቧራውን እኔ ነኝ የምጠርግለት፤ ቤተሰቤም ድርሻ አለበት እኮ...

እዚሁ ትማር የነበረችውን የእህቴን ልጅ አታውቂያትም ለካ። ማንበብ ትንሽ የዘገየባት። የዓመቱን አጋማሽ እረፍት ሙሉ አብሬያት ቁጭ ብዬ አስጠናኋት። አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ያነበበች ዕለት እኔና እናቷ ተቃቅፈን አለቀስን። ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ እናቷ ለስላሳ ተጋበዘች። የተላከችበት ትምህርት ቤት ቦታ የለንም አላት። አሁን ቤት ውላ ታድራለች። መጽሐፍ ስሰጣት "እኔ እኮ አልችልም ተብያለሁ" ትለኛለች።

ተናድጄ አይደለም የምነግርሽ... ኧረ ተናድጃለሁ፣ ምን እደብቅሻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ግን በሹመት ቀን እንዲህ ይወራል? ነውር ነው። እሳቸውስ ምን አጠፉ? አንዲት ልጅ ቀነሱ፣ አንድ ደረጃ ጨመሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሌሎቹን ትምህርት ቤቶችም በአንዴ ያሻሽላቸዋል... የሚሸኙትን ልጆች ማን ይቀበላቸው እንደሆን እንጃ እንጂ።

ሻያቸውን አስቀመጡት እንዴ? አልቀዘቀዘም እኮ። በይ ሳይሄዱ ልመርቃቸው፣ አንቺም አሜን በይ።

ፈጣሪ ከዚህም በላይ ከፍ ያድርጋቸው። ወንበሩን ያርጋላቸው። ትንሿ ልጃቸው በሚቀጥለው ዓመት ፊደል ልትቆጥር ነው አሉ፤ ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ትደግላቸው። ምናልባት ፊደሉ ቶሎ አልገባ ቢላት ደግሞ... ልክ እንደ አባቷ ያለ ርዕሰ መምህር ያጋጥማት።