ሁለት ዙር ተብዬ አራት የዞርኩ ዕለት

እስቲ ኮምፕረሰሩን አጥፉልኝ። ዛሬ እንኳ፣ በመሸኛው ቀን፣ ለእሱ ሲባል ጸጥ እንበል። ቶሎ እጨርሳለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከመኪና ሥር ስላልወጣሁ ወገቤ ከእኔ በላይ መቀመጥ ፈልጓል።

ይሄን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በዚያ በር ወደዚህ ጋራዥ ገባ። ባለመኪና መስሎኝ ወንበር ጠረግኩለት፤ እስክሪብቶዬንም አወጣሁ።

«መኪናህ ምን ሆነች?»

«መኪና የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልርዳህ?»

«እኔ ልርዳህ ብዬ ነው የገባሁት። ያቺ መኪናህ ስትጮህ ከመንገድ ማዶ ትሰማለች።»

ወይ ድፍረት! መሪዋ ሲዞር ቋ የምትል መኪና ነበረች፤ ሦስት ቀን ታግያታለሁ። እንደምታውቁኝ ማንም አላስተማረኝም፤ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ ሌላ ነገር እፈታለሁ። ጎማዋን ፈታሁ፣ ፍሬኗን ፈታሁ፣ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ወንበሯም አይቀርላትም ነበር። እሱ እጅጌውን ሰበሰበና ከጎማው በላይ ያለውን ሞላ፣ ያንን ጥምዝምዝ ብረት፣ በመዳፉ ያዘ። «መሪውን አዙር። መልስ። አዙር።» ቋ! «እዚህ ነው። ከሞላው ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታ ደርቋል።» ሸሚዙ ጠቆረ፤ የእኔ ፊት ደግሞ ከሸሚዙ ባሰ። በማግሥቱ ተቀጠረ።

«ጋሽ ጸጥታ» ያልነው መቼስ በከንቱ አይደለም። መኪና ሊያዳምጥ ሲል ራዲዮ ይጠፋል፣ መዶሻ ይቆማል፣ ሻይ የያዘ ሰው ፉት ማለት ይፈራል። ባለመኪናውን ደግሞ «እስቲ ድምፁን ያውጡልኝ» ይላል። እኚያ ዳኛ ትዝ ይሏችኋል? ከረባታቸውን እንዳሰሩ ግቢው መሀል ቆመው «ጠቅ» አሉ።

«ቆማ ነው ወይስ እየሄደች?»

«እየሄደች ስትታጠፍ።»

«እንግዲያው እየሄዱ ያድርጉት።»

የተከበሩ ዳኛ በግቢው ዙሪያ እየተራመዱ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» አሉ! «በቃ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ የአክስሉ ጫፍ ነው» አለ። ፈታነው፤ እውነትም እሱ ነበር። ቆማ መሪ ሲዞር ቋ ካለች ከላይ ፈልግ፣ እየሄደች ስትታጠፍ ጠቅ ጠቅ ካለች አክስሏን እይ። እኔ እስከዛሬ የምተዳደረው በዚህ ነው።

ሳቁ፣ ግዴለም። እኔ ግን የተነሣሁት ለሌላ ነገር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ይዤው ስዞር ደክሞኛል።

የነርሷን መኪና ታስታውሳላችሁ። መሪዋ ሲዞር ቋ ትላለች ብላ አምጥታት ነበር። ኩሽኔታውን ቀየርንላትና እኔ መሪ ይዤ፣ ጋሽ ጸጥታ መሀል ቆሞ ማዳመጥ ጀመረ። «ሁለት ዙር» አለኝ። ዞርኩ። በስተግራ በኩል፣ ከእግሬ ሥር፣ ጠቅ... ጠቅ። ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ምናልባት ጠቅታው ይሰማው ይሆናል ብዬ ሦስተኛ ዞርኩ፣ አራተኛም ዞርኩ። «ንጹሕ ናት፣ ትሂድ» አለ። ነርሷ አጠገቡ ቆማለች። ይሉኝታ ያዘኝ። ነገ በሆነ ሰበብ አስጠርቼ አስተካክላታለሁ ብዬ ቁልፉን ሰጠኋት።

በማግሥቱ ከሥራ ቦታዋ ደወለች፤ መኪናዋ አሁንም ትጮሃለች። እኔ ገና ሳልገባ እሱ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ይዟት መጣ። የአክስሉ ጫፍ ላስቲክ ተቀዶ ግራሶው ተረጭቶ አልቋል። ማንም እንዲነካለት አልፈቀደም፤ ብቻውን አወጣው፣ ብቻውን ቀየረው። ከዚያ ሁላችንንም ሰበሰበና «ጆሮዬ ከድቶኛል። ከእንግዲህ በእኔ ቃል መኪና አትልቀቁ» አለ። ጡረታው ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። የመልቀቂያ ማመልከቻውን የጻፈው ያን ዕለት ነው።

ጋሽ ጸጥታ፣ እኔ ሰምቼ ነበር። ደንበኛ ፊት ስሳሳት እጄን ጫን አድርገህ ታቆመኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን አላሳፈርከኝም። እኔም ያንን የመለስኩልህ መስሎኝ ነው። አንተን የከዳህ የእኔ አፍ ነው። ብቻዬን አጠፋሁ ብለህ ከዚህ በር እንድትወጣ አልፈልግም። ይቅር በለኝ።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ወንድሜ።

«አውቃለሁ» ይላል!

ከመቼ ጀምሮ?

«አክስሉን ስፈታው። ሁለት ዙር ያልኩህ ሰው ለምን አራት እንደዞርክ ያኔ ገባኝ።»

ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልክ?

ሰማችሁት? ይሉኝታ ይዞት ነው! እኔን እንዳያሳፍር!

እንግዲህ ምን ይባላል። አብረን አርጅተን፣ አብረን ደክመን፣ አሁንም ተደባብቀን። ስለ ሃያ ስድስት ዓመቱ አመሰግንሃለሁ። ስለ ዝምታህም፣ እሷ ብትቀር ይሻል ነበር እንጂ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ፤ የለስላሳ ጠርሙስ የያዛችሁም አንሡ። ባለቤትህ በር ላይ ይዛኝ «የልብስ ማጠቢያዬን እንዳይፈታብኝ ንገርልኝ» ብላለች። ይንጓጓ፣ ተወው። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ጉልበትህን አሳርፍ፤ የልጅ ልጆችህ እየጮኹ ያስቸግሩህ። ሰኞ ጠዋት መሪውን የምይዘውም የማዳምጠውም እኔ ነኝ፤ ጠቅ የሚል ነገር ከሰማሁ ማንም ፊት ቢሆን እናገራለሁ።

ለጤናህ!