የእሁድ ውኃ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ሳውዝ ሲ ሰፈር በሚሄደው፣ የአገሩ ሰው ማታቱ በሚለው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት መሐንዲስ አጠገቧ የተቀመጡትን አጎቷን በአማርኛ ታዋራለች።

«ሰኞ ጥናቱን ፈርሚ ብለውኛል፣ ጋሼ። ከሰፈራችን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ፍሳሽ ተጣርቶ ለመጠጥ ይሆናል የሚለውን።»

«አንቺው አይደለሽ የመረመርሽው?»

«መርምሬዋለሁ። ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«ናሙና የምንወስደው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሁድ ላቦራቶሪው ዝግ ነው።»

«እሁድ እሁድ እኮ ቅዳሴ ስሄድ ውኃው ሰማያዊ ነው። ፋብሪካዎቹ ተቆጣጣሪ የለም ብለው የጨርቅ ማቅለሚያ ይለቁበታል። ሰኞ ይጠራል።»

«ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«የተማርሽው አንቺ፤ የምታውቂ መስሎኝ።»

«የታቀደው ማጣሪያ ያንን ኬሚካል አያስቀረውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አትፈርሚ።»

«ካልፈረምኩ ያባርሩኛል። እዚህ አገር የምኖርበት የሥራ ፐርሚቴም አብሮ ይሄዳል።»

«ከፈረምሽስ?»

«ሰፈሩ በሙሉ ይጠጣዋል። እርስዎም።»

«እኔስ ሰማያዊ ሆኜ ብቀበር ግድ የለኝም። የልጅሽን ነገር ግን እንጃ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ የውኃውን ቀለም ላለማየት ሁልጊዜ የምሻገርበትን ድልድይ ትቼ በሩቁ መንገድ ዞሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።