የሸረፈዲን የሐጅ ስንቅ

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። አያ ሸረፈዲንን ግን መከራው ለብቻው አልቻላቸውም፤ የእህታቸው ልጅና አንዲት የተራበች ጎረቤታቸው ሊያግዙት ግድ ሆነ።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር ነው። የራያ ቆላ ደህና ዝናብ ካየ ሁለት ክረምት አልፎታል። አያ ሸረፈዲን ከመንደራቸው ከጎብዬ በአውቶቡስ ተሳፍረው አስመራ፣ ከአስመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በመርከብ ጂዳ ሊሻገሩ ተነሥተዋል። የመርከቡ ዋጋ ማሽላው ጎተራ ሙሉ በነበረበት ዘመን ተከፍሎ ያለቀ ነው። የመንገድ ወጪውም፣ ሁለቱ በሬዎቻቸው ሳይሞቱባቸው ተሸጠው፣ በመታጠቂያቸው ተቋጥሮ ወገባቸው ላይ አለ። አውቶቡሱ ቆቦ ሲገባ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ።

አያ ሸረፈዲን በብብታቸው ሥር አንድ ከረጢት ይዘዋል። ባለቤታቸው ከሌለ እህል ቆልታ፣ ፈጭታ የቋጠረችላቸው በሶ ነው። ከጎብዬ ጀምሮ ሲያፍሩበት መጥተዋል። በሶ ተሸክሞ ባሕር የሚሻገር ሐጃጅ እሳቸው አይተውም ሰምተውም አያውቁማ! ለማን ልስጠው እያሉ ሲቃኙ ከእህታቸው ልጅ ከነጅሙዲን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ነጅሙዲን ቆቦ አስተማሪ ነበር፤ ተማሪው በረኃብ ተበትኖ ክፍሉ ባዶ ሲቀር ከከተማው ዳር በተሠራው መጠለያ ለተራቡት አጥሚት ማደል ይዟል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ። ሳያዩኝ ሊያልፉ ኖሯል?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ጎማው አገናኘን፤ አልሐምዱሊላህ። በል፣ እንካ ይህን በሶ፤ ለተራበ አካፍልልኝ።»

ነጅሙዲን እጁን አልዘረጋም። «ለሶደቃ ከሆነ ራሴ ላይ አድርጌ እወስደዋለሁ። ግን እርስዎ እዚያ ምን ሊበሉ ነው?»

«ሰው የሚበላውን ነዋ! ሆቴል አለ፣ ሩዝ አለ፣ ሥጋ አለ። እኔ በሰው አገር በሶ እየበጠበጥሁ የወሎን ስም አላስጠራም።»

«እንግዲያው የሚሰጡት ለሶደቃ ሳይሆን አፍረውበት ነው።»

አያ ሸረፈዲን ይህን አልወደዱትም። እውነት መሆኑን ስላወቁ ደግሞ ይብሱን አልወደዱትም። ከግንብ ጥላ ሥር ተቀመጡና መታጠቂያቸውን ሲያስተካክሉ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ ክር ከኪሳቸው ወደቀ።

«ይህስ ምንድን ነው፣ አጎቴ?»

«አደራ ነው። እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ሰው ነው። ይሄ ታሂር፤ ሽቶና ኮፍያ ብሎኛል። ይሄ የመስጊዳችን ኢማም፤ መስገጃ። ይሄኛው ጎረቤቴ ሰይዳ፤ በዘምዘም ውኃ የተነከረ ከፈን፣ ስትሞት የምትገነዝበት። የተቀረውም እንዲሁ ነው። ከሐጅ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«ወጉን አልነቅፍም። ግን ከፈኑ አቡጀዲ ነው፣ አጎቴ። ያው አቡጀዲ በመርከብ መጥቶ እዚህ ቆቦ ገበያ ተዘርግቷል። እርስዎ ባሕር ተሻግረው፣ ዋጋው በሰማይ በሆነበት በሐጅ ሰሞን ገዝተው፣ እንደገና ተሸክመውት ሊመጡ ነው። ዘምዘሙን አላህ በነጻ ሰጥቷል። ዱዓም ቀረጥ የለበትም።»

«ወይ ጉድ! ንፉግ ሆነህ ነው የተማርኸው፣ ወይስ ተምረህ ነው የነፈግኸው?»

«ንፍገትና ቁጠባ ለየቅል ናቸው። ንፉግ የሚይዘው ከሰው ለመደበቅ ነው፤ ቆጣቢ የሚይዘው ለሚመጣው ቀን ነው። እኔ እርስዎን ብሆን፣ ከመርከብ ስወርድ ዕቃዬን ለመሸከም የሚሻማውን አልከተልም። ገንዘቤንም መጀመሪያ ላገኘሁት መንዛሪ ሁሉንም አላወጣም። የአገሬን ሰዎች ፈልጌ አንድ ክፍል በጋራ እከራያለሁ፤ በአንድ ድስት አብስለን እንበላለን። ጠዋት በሶዬን እጠጣለሁ። የተረፈውን ይዤ እመለሳለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን ለምን አሁኑኑ ትቼልህ አልሄድም?»

«ኪሱ ባዶ የሆነ ሐጃጅ ከመርከብ አይወርድም ይባላል። ይያዙት፤ ግን ይመልሱት።»

አያ ሸረፈዲን ክርክሩ ገብቷቸዋል፤ የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸው የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሲያበሉ ኖረዋል። ዘንድሮ በሬያቸውን ሸጠዋል፤ ልጆቻቸውን በቀን አንዴ እያበሉ ነው። ከድሮው ክብራቸው የቀረቻቸው ይህቺ ሐጅ ብቻ ናት። «ነጅሙዲን፣ ‹ሸረፈዲን መካ ደርሶ ባዶ እጁን ገባ› ሲሉኝ የት እገባለሁ?» አሉ።

ወዳጄ፣ እዚህ ላይ አያ ሸረፈዲን አይፈረድባቸው። ስንቶቻችን ነን ከረኃቡ ይልቅ የሰው አፍ የሚያስፈራን?

«ማን እንደሚልዎ ሄደን እንይ» አለ ነጅሙዲን። «እትዬ ሰይዳ አሁን የት ናት?»

«ዋጃ፣ ወንድሟ ዘንድ ናት። ልጆቿን ይዛ ከሄደች ሰነበተች።»

«ዋጃ አልደረሰችም፣ አጎቴ። ይነሡ።»

መጠለያው ከቆርቆሮና ከሸራ የተሠራ ነው። ሰው በሰው ላይ ተኝቶበታል። አያ ሸረፈዲን ሰይዳን በፊቷ አላወቋትም፤ ያወቋት በድምፅዋ ነው። ሁለት ልጆቿ ከጎኗ ተጋድመዋል።

«አያ ሸረፈዲን፣ ልትሄድ ነው? አላህ ይቀበልህ» አለች።

«አሚን። ሰይዳ፣ አደራሽን አልረሳሁም። ይኸው ክሩ፤ ይሄ ቋጠሮ የአንቺ ነው። ከፈንሽን በዘምዘም ነክሬ አመጣልሻለሁ።»

ሰይዳ ክሩን በጣቷ ነካችው። «ያኔ የለመንሁህ ጠግቤ ነው። የጠገበ ሰው አሟሟቱን ያሳምራል። አሁን ከፈኑን ተወው። ዘሩን በልተነዋል፣ አያ ሸረፈዲን። ለዘር የሰቀልሁትን ማሽላ አውርጄ ለልጆቼ ቀቀልሁት። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ መንደሩ ሁሉ በልቶታል። ዝናቡ ቢመጣስ ምን እንዘራለን? ልጆቼ ሜዳውን እያዩ ሊሞቱ ነው?»

አያ ሸረፈዲን ከረጢቱን አውጥተው ከፊቷ አስቀመጡ። «እንኪ፣ ሁሉንም።»

እሷ ግን የባልቴት ብልሃት አልተለያትም። «ግማሹን ለልጆቼ ተው። ግማሹን አንተ ብላና፣ ለሆቴል የምትከፍለውን ዘር አድርገህ አምጣልኝ። ከመካ የምፈልገው ስጦታ ይኸው ነው።»

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። አያ ሸረፈዲን በሶውን አካፈሉ፤ ግማሹን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን በብብታቸው ሥር አልደበቁትም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቷቸው፤ የሰይዳን ብቻ ተዉት።

በየካቲት ሐጂ ሸረፈዲን ተብለው ተመለሱ። ጂዳና መካ ላይ ከወሎና ከጅማ ሐጃጆች ጋር በአንድ ክፍል አድረው፣ ከአንድ ድስት በልተው ነው የከረሙት። ሱቁን እያዩ አልፈዋል። ልባቸው አልከጀለም ብል ዋሽቼአለሁ፤ አንድ ያማረ ካባ ደጋግመው አንሥተው መልሰዋል። አላማጣ ሲደርሱ፣ ጎተራውን ቆልፎ የዋጋ መናር ከሚጠብቅ ነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክረው የዘር ማሽላ ገዙ። የአንዱን ጆንያ አፍ ያሰሩት በዚያው ክር ነው።

ጎብዬ ላይ የተረፈው ሰው ሊቀበላቸው ወጣ። ለያንዳንዱ ጥቂት ዘምዘም አቀመሱና ማሽላ በጣሳ ሰፈሩለት። ታሂር ጣሳውን አየና ፊቱን አጠቆረ።

«ሐጂ፣ መካ ድረስ ተሂዶ ማሽላ? ይህማ እዚሁ ነበር።»

«ነበር፣ ታሂር» አሉ ሐጂ። «በላነው እንጂ።»

ታሂር ራሱን አቀረቀረ። ጣሳውን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ ሄደ፤ ዝናቡ ሲጥልም ማንም ሳይቀድመው ዘራው። በዚያ ዓመት ዘር ያገኘ ቤት እሸት በላ፤ ዘር ያጣ ቤት ግን ዝናብ እየጣለ ተሰደደ። ከዚያ ወዲህ ጎብዬ ላይ ሐጅ የሚሄድ ሰው ስንቁን በግልጽ ይዞ ይወጣል፤ ሸኚውም የሚለምነው ዱዓ ብቻ ነው። ባሕር ማዶ ያልባከነ ገንዘብ በሬ ሆኖ፣ ዘር ሆኖ ይመለሳል። ለዘር የሚሰቀለውን ማሽላ በሁለት ቤት ከፍሎ ማስቀመጥም የተለመደው ያኔ ነው።

ሰይዳ ግን ያንን እሸት አልቀመሰችም። ልጆቿን ይዛ ቤቷ ገብታ፣ ማሽላው ሲዘራ አይታ፣ በሰኔ ዐረፈች፤ አላህ ይርሐማት። የሚከፍናት ጨርቅ ሲፈለግ ሐጂ ሸረፈዲን ወደ ጓዳ ገቡና መካ ላይ የለበሱትን ነጭ ኢሕራም ይዘው ወጡ። ሐጃጅ ለራሱ ሞት አጥፎ የሚያስቀምጠው ነው፤ በዘምዘም ነክረውት ነበር።

ለቀብሩ ከቆቦ የመጣው ነጅሙዲን ጠጋ ብሎ፣ «አጎቴ፣ ለራስዎስ?» አላቸው።

«ለእኔ የቆቦ አቡጀዲ ይበቃኛል» አሉ ሐጂ። «ያው በመርከብ የመጣው ነው፤ አንተው አይደለህ የነገርኸኝ?»