የለቅሶው ድንኳንና የዝግ ሜዳው ኳስ

ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ የጻፈው እጅ እንደ ደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰበር። ምንም አልተጨመረበትም፤ እንዲያውም አንባቢ እንዳይደነግጥ ተብሎ ከእውነቱ ግማሹ ተቀንሷል። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ጆሮውን ያመዋል።

ኮሮና የገባበት ዓመት ነበር። ኳስ ከቆመ ወራት አልፈው፣ ሊጉ ያለ ተመልካች በዝግ ሜዳ ሊጀመር ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን፣ የቡራዩው ኦቦ ቦሩ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውባንቺ ጋር ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ኦቦ ቦሩ የዕድር ሊቀመንበር ናቸው። ሊቀመንበር ሲባል ታዲያ እንደ ማንም ሊቀመንበር አይደሉም። እሳቸው «እህ» ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የገፈርሳ ውሃ ሞገድ ያነሳል። የዕድራቸው ድንኳን ሲዘረጋማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል።

ገና እንደተቀመጡ ከፊታቸው ካለው ወንበር ጥቁር የለበሰች ልጅ ዞር አለች። የሟች ወንድማቸው የኦቦ ተረፈ ልጅ ዱርሲቱ ናት። ጭኗ ላይ ትልቅ የስፖርት ሻንጣ አቅፋለች።

«አከም ጅርቱ፣ አባባ ቦሩ?»

«ፈያ፣ ደኅና። ሻንጣ ይዘሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ሰበታ። ክለቡ ጠርቶኛል፤ ካምፕ ልገባ ነው።»

ዱርሲቱ የተማረች ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰውን ጡንቻና መገጣጠሚያ አንድ በአንድ አጥንታ፣ ሰበታ ውስጥ ለአንድ ክለብ ወጌሻ ሆናለች። ተጫዋች ሲወድቅ ሳጥኗን ይዛ ወደ ሜዳ የምትሮጠው እሷ ናት። ስትሮጥ የክንፍ ተጫዋቾቹን ጥላ ትሄዳለች፤ የእሷ ጣት ያረፈበት ጅማት ደግሞ ከዚያ ወዲያ እስከ ሽምግልና አያምም።

«እንዲህ መገናኘታችን ጥሩ ሆነ» አለች። «አባዬ ቢኖር መርቆ የሚሸኘኝ እሱ ነበር። እሱ ከሌለ አጎት አባት ነው፤ እርስዎ ይመርቁኝ።»

በዚያ ቤተሰብ ያለ ምርቃት ለሥራ ከቤት የወጣ ሰው የለም። ምርቃት ካላገኘች ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሱሉልታ መመለሷ ነው። ይህን ኦቦ ቦሩም ያውቃሉ፤ ውስጣቸው ግን በሐዘን ቆስሎ ነበር።

«አልመርቅሽም» አሉ።

ልክ በዚህ ሰዓት የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የመኪናው ሰልፍ ጭራው አባይ በረሃ ደረሰ የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ማጋነን ስለማንወድ ጎሃ ጽዮን ላይ እንተወዋለን። ጊዜው ሰፊ፣ መንገዱ ዝግ ሆነ። የአጎትና የልጅ ክርክርም በዚያ ተጀመረ።

«ለምን አባባ? ምን አጠፋሁ?»

«አባትሽ በዚህ አገር ያልቀበረው ሰው አለ? የማያውቀውን አስከሬን አይቶ ከታክሲ ወርዶ የሚሸኝ ሰው ነበር። እሱ ሲቀበርስ ስንት ነበርን? እኔ ሊቀመንበሩ የገዛ ወንድሜን ድንኳን ሳልተክል ቀበርኩ። አትሰብሰቡ ተባልን፤ ሕግ ነው ብለን አልተሰበሰብንም። ታዲያ ለቅሶ የተከለከለ ሕዝብ ኳስ ሲፈቀድለት ምን ይባላል? ሞት ለጨዋታ መንገድ ለቀቀ እንበል?»

ሹፌሩ ሬዲዮኑን አጠፋ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን እንኳ ማልቀሷን ለጊዜው አቋረጠች። ዱርሲቱ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ የእንጀራ ጉዳይ የሚገባው ሰው በሚናገርበት ድምፅ መለሰች።

«ያሉት ልክ ነው አባባ። ግን ለተመልካቹ ጨዋታ የሆነው ነገር ለተጫዋቾቹ ሥራ ነው። የዱከም ፋብሪካ ሲሠራ፣ በሐዘን ሰሞን እንዴት ጨርቅ ይመረታል ያለ የለም። የህያ የሚባለውን ተከላካያችንን ያውቁታል?»

«ያንን ረጅሙን? በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባውን?»

«እሱን። ሊጉ ሲቆም ደመወዙም ቆመ። እናቱን ደግሞ ኩላሊት ያማታል። አሁን ግንባታ ላይ ብሎኬት ይሸከማል።»

«ብሎኬት መሸከም ነውር ሆነ?»

«ነውር አይደለም። ግን ብሎኬቱን የሚያቀብለው ሰው ይታመም ደኅና ይሁን የሚመረምር የለም። ካምፑ ውስጥ ሁሉም ይመረመራል። መግቢያው አንድ በር ነው፤ የሚያበስለው አንድ ወጥ ቤት ነው። ሜዳውም ያለ ተመልካች ነው።»

ኦቦ ቦሩ ጭምብላቸው እስኪነፋ ድረስ ተነፈሱ።

«ጎበዝ። ተመልካቹን ከሜዳ አባረራችሁት። ከምድርስ ጠፋ? የኢብሮን ኳስ ማሳያ ቤት አላየሽም? ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ብርሃን እንዳይገባ በካርቶን የተደፈነ። ጎል ሲገባ ሰው በሰው ላይ ይወጣል፤ ስሙን የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይስማል። እናንተ እዚያ ሣሩን ባዶ አድርጋችሁ፣ በሽታውን እኛ ሰፈር ላካችሁት ማለት ነው። ይሄ ትምህርት ከሆነ እኔ ባልማር ምን ጎደለብኝ?»

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ሽማግሌው ኋላ ቀር ናቸው ብሎ የቸኮለ ካለ፣ የተሳሳተው እሱ ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች በትልልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያላዩትን ቀዳዳ ኦቦ ቦሩ ከሚኒባስ ወንበር ላይ አዩት። ዱርሲቱም ዕውቀት ካኮራቸው ወገን ስላልነበረች፣ መረታቷን አልደበቀችም።

«በዚህ ረቱኝ» አለች። «ሜዳው ተዘግቶ ማሳያ ቤቱ ከታጨቀ ክልከላው የይስሙላ ነው። ስለዚህ ኳሱ ብቻውን አይመለስ፤ ሥርዓት ይዞ ይመለስ። ሰውን በወግ ማስቀመጥ፣ የሞቀውን ገሥጾ ማብረድ፣ ሕግ የጣሰውን ሳይሳደቡ መቅጣት የሚችል ማን አለ? ዕድር ነው። ድንኳኑ አላችሁ፣ ወንበሩ አላችሁ። ግድግዳውን ጠቅልላችሁ ጣሪያውን ብቻ ሰፈራችሁ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ትከሉት፤ ነፋስ በአራቱም አቅጣጫ ይለፍበት። ኢብሮ ቴሌቪዥኑን ወደዚያ ያውጣው። ወንበሩ ይራራቅ፤ መግቢያው ላይ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ፤ ጭምብሉን ያወለቀ በዕድሩ ደንብ ይቀጣ።»

«የለቅሶ ድንኳን ለኳስ? አጥንት አይወቅሰንም?»

«አባባ፣ ድንኳን የሚተከለው ለሞተው አይደለም፤ ለቀሩት ነው።»

ኦቦ ቦሩ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ሲገፉ እንጦጦ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን ያዘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንኳን ሲያስተክሉና ሲያስነቅሉ፣ ይህን ነገር እንዲህ አድርጎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለመጨረሻ ጊዜ ተከራከሩ።

«እሺ፣ አንዱ ልጅ ታመመ እንበል። ዋንጫ ቀርቧል። አሠልጣኙ ዛሬን ብቻ ይጫወትልኝ አለ፤ የክለቡ ፕሬዚዳንትም እባክሽ አለ። ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ የሚያስቆማቸው ሰው ያስፈልጋል። የምሄደውም ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ይቁም ቢላቸው ፈሪ ይሉታል። አባቷን የቀበረች ልጅ ይቁም ስትል ግን ዓይኗን አይቶ እምቢ የሚል የለም። ማስቆም የሚችል ሰው ካለ መጫወት ይቻላል። እንዲያ ያለ ሰው ከሌለ አይጀመር፤ እኔም አብሬዎት እቃወማለሁ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀኝ እጃቸውን ከልጅቱ ራስ አንድ ክንድ ከፍ አድርገው፣ ሳይነኩ፣ ዘረጉ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ። ፈጣሪ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ይዳን። ቃልሽ በአሠልጣኝም በፕሬዚዳንትም ፊት አይታጠፍ። ሂጂ፣ ልጄ።»

ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ወሬው በየመስኮቱ ሲደርሳቸው ጥሩምባቸውን ነፉ፤ ድምፁን ሰንዳፋ ላይ የሰሙ ገበሬዎች ዝናብ መጣ ብለው እህላቸውን ሸፈኑ። መንገዱም ያን ጊዜ ተከፈተ።

ጥቅሙ ወዲያው ታየ። የህያ ብሎኬቱን አውርዶ ደመወዙን አገኘ፤ እናቱም ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ቀጠለች። ቡራዩ ላይ ግድግዳ የሌለው ድንኳን ተተከለ። ኢብሮ መጀመሪያ «ገበያዬን ገደላችሁት» ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ከቆርቆሮው ቤት ሙቀት የተነሣ ይቀሩ የነበሩ አባወራዎች ከነልጆቻቸው ሲመጡለት አፉን ያዘ። ለቅሶ ላይ ሰው ማስቀመጥ የለመዱት የዕድሩ ሰዎች፣ ጎል ሲገባ «በየወንበራችሁ ደስ ይበላችሁ» ይላሉ፤ ሰውም በየወንበሩ ደስ ይለዋል። ይህን ሥርዓት ለማየት ከሱሉልታ የመጡ የዕድር ዳኞች ነበሩ። ከባሕር ማዶም መጥተዋል ይባላል፤ አላየንም እንጂ ባይመጡ ነው የሚገርመው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰበታ የሆነው ነው። በትልቅ ጨዋታ ዋዜማ ሦስት ልጆች አተኮሳቸው። አሠልጣኙ ለመነ፤ ዱርሲቱ «ይቁም» አለች። አሠልጣኙ የውሃ ጠርሙስ በእርግጫ መታ፣ ዓይኗን አየ፣ ጨዋታው ቀረ። ከሦስቱ አንዱ የህያ ነበር፤ ሰንብቶ ተነሣ፣ ዛሬም በሩን ጎንበስ ብሎ ይገባል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ በሽታ መጣ ብሎ ሥራን ሁሉ መዝጋትም፣ ሥራ ነው ብሎ በሽታን መናቅም ሁለቱም ስንፍና ነው። ብልሃቱ የሚጀምርም የሚያቆምም ሰው ማዘጋጀት ነው።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ በየቦታው ሲነገር ደፍሮ የተቃወመው አልነበረም። ባለፈው ግን እዚያው ቡራዩ፣ ድንኳኑ ሥር፣ በጨዋታው እረፍት ሰዓት፣ እንደዚሁ ሲተረክ በሚኒባሱ አብረው የነበሩት የኦቦ ቦሩ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጭብጨባው ጋ ሲደረስ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«በአጋጣሚ አልተገናኘንም። ሱሉልታ የሄድነው እሷን ልናመጣ ነው። መንገዱም አልተዘጋም፤ ያጨበጨበም የለም። ከእኛ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እነሱም ተኝተው ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ዱርሲቱ ስታለቅስ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ንግግር አልተናገረችም። ለአባቴ ድንኳን ሳይተከል እኔ ኳስ ሜዳ አልገባም ያለች እሷ ናት። የእሷ የተባለውን ሁሉ የተናገሩት ኦቦ ቦሩ ናቸው። ሂጂ ያሏትም እሳቸው ናቸው።»

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሻንጣዋን ተሸክመው ሰበታ ድረስ አደረሷት። ስንመለስ እስከ ቤት ቃል አልወጣቸውም።»