ጠዋት ጠዋት የሚጣመሙ ድንጋዮች

(ደሴ፣ በወይዘሮ የሻረግ ቤት፣ ከእራት በኋላ። ልጇ ማኅደር ነገ ለመምህራኗ የምታቀርበውን የድንጋይ ጥናት ላፕቶፕ ላይ ታያለች፤ የጓሮው በር በጀሪካን ተደግፏል።)

ማኅደር፦ ይሄ ልክ አይደለም፣ እማዬ። ጠዋት የቆፈርኳቸው ብቻ ተጣመዋል። እኔ ደግሞ ለመምህሬ ትናንት ልኬዋለሁ።

የሻረግ፦ ጀመረሽ ደግሞ። ድንጋይ በጠዋት ይጣመማል?

ማኅደር፦ ቀስቶቹን እዪ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የዚያን ዘመን ሰሜን በውስጡ ይይዛል። ፕሮግራሙ ያንን አንብቦ ምድሪቱ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ያሳያል።

የሻረግ፦ ምድሪቱ ትሄዳለች በይኛ። እኔ የጎረቤት አጥር መሄዱን ነበር የማውቀው።

ማኅደር፦ በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል ብትሄድ ነው።

የሻረግ፦ አጥርም እንደዚያ ነው የሚጀምረው።

ማኅደር፦ የከሰዓቶቹ ደህና ናቸው። የጠዋቶቹ ግን ሃያ ዲግሪ ዞረዋል። እንዲህ ካቀረብኩት የቆፈርኩባት ደላንታ ጠዋት ጠዋት ትሽከረከራለች ማለት ነው።

የሻረግ፦ ይጥሉሻል?

ማኅደር፦ ይጥሉኛል።

የሻረግ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጠዋት ምን ነበረ?

ማኅደር፦ ብርድ። ሌላው ያው ነው። ድንጋዩን ከማውጣቴ በፊት አቅጣጫውን በኮምፓስ አይቼ ምልክት አደርግበታለሁ። ኮምፓስን የሚያሳስተው ብረት ነው፤ እኔ ደግሞ የጆሮ ጌጤን ሳይቀር አውልቄ ነው የሠራሁት።

የሻረግ፦ ብርድ ካልሽ... ጃኬቱን ለብሰሽ ነበር?

ማኅደር፦ ፀሐይ እስኪሞቅ። ምነው?

የሻረግ፦ ምንም። ሻይ ልጣድልሽ።

ማኅደር፦ ቁጭ በይ። ያ ጃኬት ለምንድን ነው የሚከብደው?

የሻረግ፦ ጨርቁ ወፍራም ነዋ።

ማኅደር፦ ይኸው ኮምፓሱ፣ ይኸው ጃኬቱ። ደረቱ ጋ ሳስጠጋው መርፌው ሲሸሽ አየሽው? ጨርቅ እንዲህ አያደርግም።

የሻረግ፦ አንቺን የወለድኩ ጊዜ ራስጌዬ ቢላ ነበር። ክፉ ነገር ብረት ያለበት አይደርስም። ገደል አፋፍ ልሄድ ነው ስትዪኝ ታዲያ ቢላ ልስፋብሽ? ቁልፍ ሰፋሁብሽ።

ማኅደር፦ የምን ቁልፍ?

የሻረግ፦ የጓሮውን።

ማኅደር፦ ጠፋ ያልሽውን? ሦስት ወር በጀሪካን የደገፍሽው ለዚህ ነው? ስመለስ አትፈቺውም ነበር?

የሻረግ፦ ደግሞ ልሄድ ነው እያልሽ እንዴት ልፍታው? በሩ ባይቆለፍም እኔን ማን ይወስደኛል ብዬ። ይኸው፣ እኔው አጠፋሁሽ።

ማኅደር፦ ቆይ... ማስታወሻ ደብተሬን አቀብዪኝ። በየጉድጓዱ የእንጨት ጥላ ከድንጋዩ ምልክት ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለክቼ ነበር። ኮምፓሱ ይቀላል ብዬ ተውኩት እንጂ ፕሮግራሙ ከፀሐይም ሰሜንን ያወጣል።

የሻረግ፦ ሳይደግስ አይጣላም። ፀሐይ ላይስ ምንም አልሰፋሁም።

ማኅደር፦ በይ አንብቢልኝ፣ እኔ ልጻፍ።

የሻረግ፦ አንደኛ ጉድጓድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጥላ ሰማንያ አራት። ይሄ ስምንት ነው ሦስት? የአባትሽን እጅ ወረስሽ።

ማኅደር፦ ስምንት ነው። ቀጥዪ።

የሻረግ፦ ...አሥራ ዘጠነኛ፣ የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት፣ ጥላ ስድሳ ሁለት። አለቀ። ምን አለ?

ማኅደር፦ እዪ። ከከሰዓቶቹ ጋር ገጠሙ። ለመምህሬ አሁኑኑ ጽፌ እርማቱን እልካለሁ።

የሻረግ፦ ስሜን እንዳታነሺ።

ማኅደር፦ «በልብስ ውስጥ የተረሳ ብረት» እለዋለሁ።

የሻረግ፦ አልተረሳም። ይሁን፣ እንደዚያ በዪው። አምጪው ጃኬቱን፣ ስፌቱን እኔው ልፍታው። ቀጥሎ ወዴት ነው የምትሄጂው?

ማኅደር፦ ካለፍኩ አፋር። ብረት አይሁን እንጂ ሌላ የፈለግሽውን ስፊልኝ።

የሻረግ፦ እንኪ ቁልፉን። ጀሪካኑን አንሺና ቆልፊው።

ማኅደር፦ ተቆለፈ። ሦስት ወር እንዴት ተኛሽ?

የሻረግ፦ ማን ተኝቶ። ዛሬ ግን ሁለታችንም ከውስጥ ነን።