ለማነጻጸሪያ የተመረጠው ሰው

ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከመናኸሪያ የስምሪት ሥራቸው ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ይማም በራቸውን ገርበብ አድርገው ይዘዋል፣ የሥነ ልቦና ተማሪዋ ኢክራም የጥናቷን የመጨረሻ መጠይቅ ይዛ ደጃፋቸው ላይ ቆማለች።

ይማም፦ አልሞላም አልኩሽ እኮ። በዓመቱ መጀመሪያ መጥተሽ ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ። ከዚያ ወዲያ ደብዛሽ ጠፋ። ዛሬ ደግሞ ወረቀት ይዘሽ ከች አልሽ።

ኢክራም፦ ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ይማም፦ ለጎረቤቴ ለአስካለ ግን አሥር ደቂቃ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሽ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ስታጫውቻት ከረምሽ። እሷም ጡረተኛ፣ እኔም ጡረተኛ፤ እሷም ብቻዋን፣ እኔም ብቻዬን። በእኔ በር ስታልፊ ቀና ብለሽ እንኳ አታዪም ነበር።

ኢክራም፦ እሳቸው ነገሩዎት?

ይማም፦ ሰፈር አይደል፤ ይሰማል።

ኢክራም፦ ጠልቼዎት አይደለም። ዕጣ ወጥቶ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ለሁለት ከፈልን። ግማሾቹን እየሄድን እናጫውታለን፤ ግማሾቹን መጠይቅ ብቻ እናስሞላለን። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ስናነጻጽር፣ ጨዋታው ብቸኝነትን ይቀንስ አይቀንስ እናያለን።

ይማም፦ ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?

ኢክራም፦ እኔም ለመምህሬ እንደዚሁ ብዬው ነበር። የታወቀ የሚመስለው ነገር ነው ደህና አድርጎ መታየት ያለበት አለኝ።

ይማም፦ እና ለእኔ የደረሰኝ ምንድን ነው?

ኢክራም፦ እርስዎ… ማነጻጸሪያ ነዎት።

ይማም፦ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሳሰማራ ኖሬያለሁ። ዕጣ እኛም እናወጣ ነበር፤ ማን ይቅደም ለማለት። አንተ ለማነጻጸሪያ እዚሁ ቁም ያልነው መኪና ግን የለም።

ኢክራም፦ ያኔ እኮ ሁሉንም አንብቤልዎታለሁ። ሁለት ቡድን እንዳለ፣ አንዱ እንደማይጎበኝ፣ ካልፈለጉ መተው እንደሚችሉ። ገብቶኛል ብለው ፈረሙ።

ይማም፦ ስታነቢ ድምፅሽን ነበር የማዳምጠው። እዚህ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ነገሩን አልያዝኩትም።

ኢክራም፦ እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን እንደገባዎት መልሰው እንዲነግሩኝ መጠየቅ ነበረብኝ።

ይማም፦ ያ ጓደኛሽ ናትናኤል ከአንቺ ይሻላል።

ኢክራም፦ ናትናኤልን የት አወቁት?

ይማም፦ መናኸሪያው በር ላይ እኛ ጡረተኞች የምንቀመጥበት አግዳሚ አለ። አንድ ሰሞን ቦርሳውን አቅፎ ከጎኔ እየተቀመጠ መንገድ መንገዱን ያያል። ፍቅረኛው የቀረችበት መስሎኝ አንጀቴን በላው። ሻይ ጋበዝኩት። በወጣትነቴ አንዲት የከሚሴ ልጅ ቀጥራኝ ቀርታ ዝናብ እንዴት እንዳበሰበሰኝ ሁሉ አወራሁለት፣ እንዲጽናና ብዬ። ለካ እኛን እያየ የሚጽፍ የአንቺው ክፍል ተማሪ ኖሯል። ሻይ ሻጯ ናት ኋላ የነገረችኝ።

ኢክራም፦ እሱማ ጥፋት ነው። ሳያስፈቅድ ነው የጻፈው። መምህራችን ክፍል ውስጥ አስነሥቶ፣ ሰው ሳያውቅ ገመናውን መውሰድ ነው ብሎ ሥራውን እንደ አዲስ አስጀመረው።

ይማም፦ ይሁና። እሱ ሳያስፈቅደኝ አብሮኝ ተቀመጠ። አንቺ አስፈቅደሽኝ ጥለሽኝ ሄድሽ። የቱ ይሻላል ብለው ነው የሚያስተምሯችሁ?

ኢክራም፦ ይሄን አላስተማሩንም።

ይማም፦ በይ ግቢ፤ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዷል፣ ብርድ ይመታሻል።

ኢክራም፦ መግባት አልችልም። እርስዎ ካሉበት ቡድን ጋር ከመጠይቁ ውጪ መጨዋወት አይፈቀድልኝም፤ ንጽጽሩ ይበላሻል። እባክዎ ጋሼ፣ ነገ ውጤቱን ካላስገባሁ ምረቃው ያመልጠኛል። አንድ ሰው ቢጎድል ደግሞ መምህሬ አይቀበለኝም።

ይማም፦ እሺ ጠይቂ። እንደቆምን።

ኢክራም፦ "የሚያጫውተኝ ሰው የለም ብዬ አስባለሁ።"

ይማም፦ አልሐምዱሊላህ።

ኢክራም፦ መልሱ "ሁልጊዜ"፣ "አንዳንዴ"፣ ወይም "በፍጹም" ነው።

ይማም፦ ሰው ሲጠይቅሽ አልሐምዱሊላህ ነው የሚባለው። ደጄ ላይ የቆመ እንግዳ "ሁልጊዜ" ብዬ ልሸኝ?

ኢክራም፦ እኔን አይዩኝ። እውነቱን ነው የምፈልገው።

ይማም፦ እንግዲያው አንዳንዴ በይ። ሐሙስ ሐሙስ ይሻለኝ ነበር። ይልቅ የእናትሽ ዓይን እንዴት ሆነ? ፋሻው ተፈታላቸው?

ኢክራም፦ ደህና ናት… ስለ እናቴ ማን ነገረዎት?

ይማም፦ አይ፣ እንዲያው ነው።

ኢክራም፦ ጋሼ፣ ለእትዬ አስካለ ብቻ ነው ያወራሁት። ናትናኤል እንኳ አያውቅም።

ይማም፦ የቀበሌ ቤት ነው ልጄ። በእኔና በእሷ መሃል ያለው የጭቃ ግድግዳ ሳል እንኳ ያሳልፋል። መጀመሪያ ሳላስበው ሰማሁ። ቀጥሎ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። ኋላማ ሐሙስ ሲሆን ፊቴን ተጣጥቤ እጠብቅሽ ጀመር። በፈተናሽ ቀን እንቅልፍ ጥሎሽ የቀረሽ ጊዜ የሆንሽውን ስታወሪ፣ ሳቄ እንዳይሰማ አፌን በጋቢ አፍኜ ነበር።

ኢክራም፦ ያ ረቢ። እርስዎም ተጎብኝተዋል ማለት ነው።

ይማም፦ በጎን በኩል።

ኢክራም፦ ማነጻጸሪያ መሆን አይችሉማ። መልስዎን ልጠቀምበት አልችልም።

ይማም፦ ማን ያውቃል? እኔ አልናገር። የቱ ነው የሚበጅሽ፣ "ሁልጊዜ" ነው? እሱን ጻፊ። አብሽሪ፣ ተመረቂ።

ኢክራም፦ በእርስዎ ብቸኝነት ዋሽቼ ልመረቅ? ተዉ ጋሼ። መምህሬ ያለውን ይበል። ይኸው፣ ሰረዝኩዎት።

ይማም፦ ከማነጻጸሪያም ወጣሁ በይኛ።

ኢክራም፦ ወጡ። አሁን የሚከለክለኝ የለም። ልግባ?

ይማም፦ ገብተሽስ? ተመርቀሽ ትሄጃለሽ። አስካለን እኮ ዛሬም እሰማታለሁ። መምጣት ካቆምሽ በኋላም ሐሙስ ሲሆን ቤቷን ትጠርጋለች፣ በርጩማ ታቀራርባለች። ከዚያ ዝም። እኔን ባትጀምሪኝ ይሻላል።

ኢክራም፦ ማለቁን ነግሬያቸው ነበር።

ይማም፦ እሷም ድምፅሽን ብቻ ሰምታ ይሆናላ።

ኢክራም፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ወረቀቱ ላይ የለም። አንድ ግድግዳ ይዛችሁ ለምን በራቸውን አያንኳኩም?

ይማም፦ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት፣ ብቻውን የሚኖር ወንድ፣ ያለ ጉዳይ? ሰፈሩ ምን ይላል። ለቅሶ ሲሆን እገባለሁ። በበዓሏ ደጅ ቆሜ እንኳን አደረሰሽ እላለሁ። ለጨዋታ ብሎ መግባት ግን አልሆነልኝም።

ኢክራም፦ ዛሬ ከእኔ ጋር ይግቡ። ሦስት ከሆንን ማን ምን ይላል?

ይማም፦ በምን ፊቴ? ስትስቅም ስታለቅስም ሳታውቅ ስሰማት የከረምኩ ሰውዬ ነኝ።

ኢክራም፦ ናትናኤልም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ይማም፦ እሱንስ ቢያንስ ፊቱን አይቼዋለሁ።

ኢክራም፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ይማም፦ አንቺ ቅደሚ። ሐሙስ ሐሙስ ሦስት እንደነበርን ንገሪያት። ከፈቀደች ትጥራኝ፤ ጮክ ማለት አያስፈልጋትም፣ እሰማለሁ።