የአባ መስመር የጋራ ፋይል

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የተከበሩ አለቃችን፣ ከቢሮም ከየቤታችሁም የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦች፣ እናቶችና አባቶች። በዚህ ፀሐይ ከእኛ ጋር ስለቆማችሁ እግዜር ያክብርልን።

እኔ ተናጋሪ አይደለሁም፤ የሕንፃ ንድፍ የምሠራ ድራፍትስማን ነኝ። ወዳጁ ነህና ተናገር ተባልኩ። አዎ፣ ወዳጁ ነበርኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስቀናበት ነው የኖርኩት። አሁን እንኳ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሳይ፣ “ለኔስ ስንቱ ይመጣ ይሆን?” እያልኩ ነው። ይቅር ይበለኝ!

ለማታውቁት ላስረዳ። ቢሮአችን ሠላሳ ሰው በአንድ የንድፍ ሶፍትዌር ይሠራል። ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤቱ ተቀምጦ። በሩን፣ መስኮቱን፣ የመስመሩን ውፍረት በአንድ ጠቅታ የምናወጣባቸው ቁልፎች ስክሪናችን ላይ አሉ። እነዚያ ቁልፎች ለሁላችንም የሚመጡት ከአንድ የጋራ ፋይል ነው። ያን ፋይል የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባ መስመር የምንለው፣ ይሄው እዚህ የተኛው።

ቁልፍ ጠፋ? አባ መስመር። መስመር ወፈረ? አባ መስመር። ቤቷ ሆና የምትሠራው ኢንጂነር ልጇን ታቅፋ ትደውላለች፤ “አባ መስመርዬ፣ ድረስልኝ!” እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ለምን እኔን አይጠሩኝም? ምን አንሶኝ?

አንድ ቀን የራሴን ቁልፎች ሠርቼ አሳየሁት። ሙሉ ደረጃ በአንድ ጠቅታ! አየና ሳቀ። “አንተ፣ ይሄማ ግሩም ነው! ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ቤት ያሉት ጋ እንሞክረው። ቢሮ የሠራ ሁሉ ቤት አይሠራም” አለኝ። ቆይ! ማን ስለሆነ ነው ቆይ የሚለኝ? ደሜ ፈላ።

እህቴ፣ አንቺ ባለቤቱ፣ ታመሽ ሆስፒታል የተኛሽበትን ሳምንት ታስታውሻለሽ። አጠገብሽ ሊሆን ሲሄድ፣ “ፋይሉን አደራ” ብሎ የይለፍ ቃሉን የሰጠው ለኔ ነበር። በነጋታው የሱን ፋይል አንስቼ የኔን ተካሁ። አዲሶቹ ቁልፎች ግን ሥራቸውን የሚያመጡት ከኔው ኮምፒውተር ነበር። ቢሮ ያሉት “ጎበዝ!” አሉኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤት ያሉት ግን ከኔ ኮምፒውተር ጋር ስለማይገናኙ ስክሪናቸው ባዶ ሆነ። አንድም ቁልፍ የለም። የትልቁ ደንበኛ ንድፍ የሚገባውም ያን ቀን ነበር። ሳይገባ ቀረ።

እሱ ከሆስፒታል እየሮጠ መጣ። ፋይሉን ከፈተ። የኔ ኮምፒውተር ስም እዚያው ተጽፏል። አነበበው። ዞር ብሎ አየኝ። አለቃችን “ማነው ይህን ያደረገ?” ብለው ሲጮሁ፣ “ሳልሞክር የለቀቅኩት እኔ ነኝ” አለ። እኔስ? ምላሴ ታስሮ ነበር? አልታሰረም። ዝም አልኩ እንጂ።

በዚያው ወር የክፍል ኃላፊነቱን ሊሰጡት ነበር። ለኔ ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። ታምናላችሁ? ከዚያ በኋላ ይበልጥ ቀናሁበት። በደግነቱም ቀናሁበት! አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ምነው በሰደበኝ!

የተከበሩ አለቃችን፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። የሚወስኑብኝን እቀበላለሁ።

እህቴ፣ አንቺም ስሚኝ። “ሹመቱ ለምን ቀረብህ?” ብለሽ ስትጠይቂው “አልበቃሁም” እንዳለሽ፣ ቤታችሁ ሻይ እየቀዳሽልኝ አጫወትሽኝ። እኔም ሻዬን ይዤ ራሴን ነቀነቅኩ። በቅቶ ነበር፣ እህቴ። ከሁላችንም በላይ በቅቶ ነበር። የነጠቅኩት እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ በሕይወት ሳለህ አንዴ በማዕረግህ ልጠራህ ሲገባኝ ቅናት አፌን ያዘው። አሁን ብልህ አትሰማኝም። ደህና ሁን፣ አለቃዬ።